ወርቄ፣ ቧንቧው ተከፈተ

ለወርቅነህ፣ ለልጄ አባት፤

ደብዳቤ ሲጀመር እንደምን ሰነበትክ ይባላል። አንተን እንዲህ ብዬ ብጠይቅህ ግን ጎረቤት ሰምቶ ብዙነሽንም እንደ ባሏ ጀመራት ይለኛል፤ ስለዚህ ትቼዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሰናይትም ደህና ናት። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። እስከ ዛሬ ብዕር ያላነሳሁት የምነግርህ ጠፍቶኝ አይደለም፤ የምነግርህ ሁሉ ለቅሶ ስለነበረ ነው። አንተ ደግሞ ለቅሶ አትወድም፤ ሰው ሲያለቅስ ካየህ ኮፍያህን አንስተህ ወደ ጓሮ ነበር የምትሄደው። ዛሬ ግን ከጓሮ ና። ደስታ ነው የያዝኩልህ። አሸንፌያለሁ ወርቄ።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። የጓሮው ኮክ አፈራ። እንደ ቀበሌ ሊቀመንበራችን ቅጠል እንጂ ፍሬ የለውም እያልክ ስታማው የነበረው ያው ኮክ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ፤ ሊቀመንበሩም መጥቶ ጠግቦ በላ። ደጃፍ የምትቀመጥባት ዱካህ እንዳለች ናት። ማንም እንዳይቀመጥባት ብዬ ነበር፤ ዶሮዋ ግን አልሰማችኝም። የስኳሩ ሰልፍ ያው ነው። ከአጥራችን ወዲያ እስከ ማዶ ድረስ ያለው ማሳም ያው ነው፤ ጤፉ ሲያሸት ማየት ትወድ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ባንተ ፋንታ ቆሜ አየዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ከሰናይት በቀር ለማንም አላስነብብም፤ ሌላ ሰው እጅ ቢገባ አፌ ያስበላኛል። እሷም ገና ልጅ ሳለች የሆነውን ሁሉ ስለማታውቀው፣ አንተ የምታውቀውንም ቢሆን እየደጋገምኩ እተርክልሃለሁ። ደግሞስ አንድን ነገር ደጋግሞ መስማት ለአንተ መቼ አዲስ ሆነና።

ኦሎምፒያ አጠገብ ባለው ማተሚያ ቤት ዕድሜህን ሙሉ ፊደል ለቀምክ። ከእርሳስ የተሠሩትን ፊደሎች ከሣጥናቸው አንድ በአንድ እያነሳህ፣ ተገልብጠው እንደቆሙ እያነበብክ፣ ቃል ታደርጋቸው ነበር። የንጉሡን አዋጅ ለቅመሃል፤ የአብዮቱንም ለቅመሃል፤ የስንቱን ሙሽራ የሠርግ መጥሪያ ለቅመሃል። ለእርሳሱ ሁሉም አንድ ነው ትል ነበር። እኔም ስምህ ወርቅ፣ ሥራህ እርሳስ እያልኩ ስቀልድብህ፣ ወርቁን ለአንቺ አስቀምጬልሽ ነው ብለህ አፌን ታስይዘኛለህ። ሁለቱ እጆችህ ሲያዙ የቀረችውን ፊደል እንደ ልብስ ሰፊ መርፌ በከንፈርህ ትይዛታለህ። ምሳ ሲደርስ ዳቦህን እዚያው የፊደሉ ሣጥን ጠርዝ ላይ ዘርግተህ በዚያው እጅህ ትበላለህ። ለመታጠብ ግቢውን ሙሉ አቋርጦ መሄድ ነበረብህ፤ ያቺም ቧንቧ ውሃ የምትሰጠው ሲያሰኛት ነው።

እርሳስ መርዝ መሆኑን ያጣችሁት አልነበረም። ለዚሁ ሲባል ነበር በየቀኑ ለየሰዉ ወተት የሚታደለው። ወተት መርዝ ያረክሳል ሲባል ሰምቶ ያላደገ ማን አለ? ወተቱን የጠጣ ሰው እርሳሱ አይደፍረውም፤ ያልደፈረውን ሰው ደግሞ ታጠብ ብሎ ማን ያስቸግረዋል? ስለዚህ ወተቱን ትጠጣላችሁ፣ በጠቆረ ጣታችሁም ዳቦ ትቆርሳላችሁ። ማተሚያ ቤቱ ሙሉ፣ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ፣ በዚህ ያምን ነበር። እኔም አምን ነበር።

ጭንቁ ጾም ሲመጣ ነው። ረቡዕ አለ፣ ዓርብ አለ፣ ሁዳዴው አለ፣ ፍልሰታው አለ። በጾም ቀን ወተትህን ከጎንህ ቆሞ ለሚለቅመው ለጓደኛህ ለሐሰን ትሰጠዋለህ፤ በረመዳን ሐሰን የሱን ለአንተ ይሰጥሃል። ረመዳንና ሁዳዴ የገጠሙ ጊዜ የማተሚያ ቤቱ ድመት ወፈረ ብላችሁ የሳቃችሁት ሳቅ አይረሳኝም። ሳቁ ግን ፍርሃት ነበረበት። በጾም እርሳሱ ይጫወትብናል ብላችሁ ለየነፍስ አባቶቻችሁ አመለከታችሁ፤ እነሱም መድኃኒት ከሆነ ጠጡ ብለው ፈቀዱ። ጓደኞችህ ጠጡ። አንተ እምቢ አልክ። ለሥጋዬ ብዬ ጾሜን አልሽርም ብለህ እንደ በሬ ቆምክ። እኔም ተቆጥቼ፣ ወጥ እንጂ ቃል ሳላቀርብልህ ሰነበትኩ።

ከዚያ በሽታው መጣ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? እኛንም እያሳቀ ነው የወሰደን። የቤቱን ቁልፍ ስኳር ዕቃ ውስጥ ስናገኘው ሳቅን። እኔን በእናትህ ስም ስትጠራኝ ሳቅሁ፣ ሆዴ ግን ፈራ። በኋላ ከሥራ ስትወጣ ወደ ጉርድ ሾላ መምጣቱን ትተህ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው መንገድ መሄድ ጀመርክ፤ ሐሰን እየተከተለ አውቶቡስ ላይ ባያሳፍርህ ኖሮ የት ትደርስ እንደነበር እንጃ። ሰው ሁሉ መካሪ ሆነ። መተት ነው ያለ አለ፣ ዓይን ነው ያለ አለ፣ በድብቅ ይጠጣል ብሎ ያማህም አልጠፋም። ጠበል ወሰድኩህ። ጠበሉን ወደድከው፤ የመጣህበትን ጉዳይ ግን እዚያው ረሳኸው።

የቀበሌውን ስብሰባ ታስታውሳለህ ብዬ ልጠይቅህ ነበር፤ ይቅር፣ እኔ አስታውሳለሁ። የዚያን ዕለት ያጠበኝ ላብ እስከ ዛሬ የደረቀ አይመስለኝም። ሊቀመንበሩ ስለ ምርት ዘመቻ ሲናገር ቆይቶ አስተያየት ያለው ካለ ሲል፣ አንተ እጅህን አወጣህ። ተነሳህ፤ ኮትህን አስተካከልክ፤ በዚያ በሚያምረው ድምፅህም ለጃንሆይ ረጅም ዕድሜ ተመኘህላቸው። ከዚህ ባነሰ ነገር ሄዶ ያልተመለሰ ስንት ሰው እናውቃለን። ምን እንደገፋኝ እንጃ፣ ብድግ አልኩና ግራ እጄን ወደ ላይ ወርውሬ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት ብዬ ጮህኩ። መፈክር ተሰምቶ ማን ይቀመጣል? ሰው ሁሉ ተነስቶ ተቀበለኝ። ደገምኩት፤ ሠለስኩት። አንተም እጅህን አውጥተህ ከሁሉ አብልጠህ ጮህክ። ስንቀመጥ ያልከውን የሚያነሳ ጠፋ። ይባስ ብሎ በሚቀጥለው ስብሰባ በቀስቃሽነቴ ተወድሼ የሴቶች ማህበሩ ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥኩ። ሹመቴ ያንተ ነው እያልኩ ብዙ ቀን ሳቅሁብህ፤ አንተም ለምን እንደሆነ ሳታውቅ አብረኸኝ ትስቅ ነበር።

ሐኪም ቤት ስንሄድ ያየችህ ወጣት ሐኪም ነበረች። ዓመተ ምሕረቱን ጠየቀችህ፣ ጣሪያውን አየህ። የልጅህን ስም ጠየቀችህ፣ ወደ እኔ ዞረህ ፈገግ አልክ። ሥራህን ስትጠይቅህ ግን ቀና ብለህ ፊደል ለቃሚ ነኝ አልካት፤ እሷም ጣቶችህን አገላብጣ አየቻቸው። ያን ጊዜ በሆዴ የኖረው ወጣ። በጾም ወተቱን አልጠጣ ብሎ ነው እንዲህ የሆነው አልኳት። እርሳሱ የያዘው ያለ ወተት በዋለባቸው ቀኖች ነው ብዬ ዓመታት ሙሉ በልቤ ከጾምህ ጋር ስጣላ ኖሬአለሁ፤ ከአስጿሚህም ጋር ጭምር ተኮራርፌ ነበር፣ ይቅር ይበለኝ።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀምጣ አስረዳችኝ። ወተት ምግብ ነው እንጂ የእርሳስ መድኃኒት አይደለም፤ ቢጠጣም ባይጠጣም ከእርሳሱ አያድነውም ነበር አለችኝ። በሽታህ አልዛይመር የሚባለው ሳይሆን አይቀርም አለች። ከምን እንደሚመጣ ዓለም ገና አልደረሰበትም። እርሳስን፣ አሉሚኒየምን፣ ሌሎች ብረቶችንም የሚጠረጥሩ ምሁራን አሉ፤ የለም የሚሉም አሉ። ባለቤትዎን የጎዳው እርሳስ ነው ብል እዋሻለሁ፣ አይደለም ብልም እዋሻለሁ አለችኝ። የምታውቀው አንድ ነገር ግን ነበር። ይህ በሽታ ኖረም አልኖረም፣ እርሳስ ደምንም ነርቭንም ጭንቅላትንም ይጎዳል፤ የሚገባውም በአፍና በትንፋሽ ነው። ሳይታጠቡ መብላት ይቅር፣ ፊደል በከንፈር መያዝ ይቅር አለች።

ከዚያ ስወጣ መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ አንተ ግን ኮፍያህን ስላላገኘኸው ጥለኸኝ አልሄድክም። ያለቀስኩት ደስ ብሎኝ ነው። ጾምህ አልጎዳህም ወርቄ። እምነትህን አጥብቀህ በመያዝህ አልተቀጣህም። ከጾምህም ታረቅሁ፣ ከፈጣሪም ታረቅሁ። ኩርፊያዬን ግን አልጣልኩትም፤ ወደ ማተሚያ ቤቱ አዞርኩት።

በመጨረሻው ዓመት ስሜን ጨርሰህ ረሳኸው። ራት ሲደርስ ማንቆርቆሪያውንና ሳፋውን ይዤ ስመጣ ግን እጆችህን ትዘረጋለህ። ሳስታጥብህ የጎረቤት ልጅ እመስልህና እደጊ ብለህ ትመርቀኛለህ። ፀጉሬ ሸብቶ፣ ጉልበቴ ስነሳ ስቀመጥ እየጮኸ፣ እደጊ! አሜን እላለሁ። የመጀመሪያው ቀን ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ሲደጋገም ሳቅሁ፤ በኋላማ ምርቃቴን ካላገኘሁ ራቱ አልወርድ ይለኝ ጀመር። አንድ ጠዋት ግን እጅህ ሳይዘረጋ ቀረ።

አርባህ እንዳለፈ ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። አዲስ ነው፣ አታውቀውም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ስብሰባ የሚወድ ሰው ነው። በደንቡ መሠረት ልጅህ በአንተ ቦታ ትቀጠር አለኝ። ሰናይት ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ የዩኒቨርሲቲ ነጥብ ስላልመጣላት ቤት ተቀምጣ ነበር። ደግሞ ታውቃታለህ፤ ጋዜጣን ገልብጣ ማንበብ ከአንተ ተምራ በዚያ ስትኩራራ ያደገች ናት። ወሬውን ስትሰማ ዘለለች። እኔ ግን ፊደል በሚለቀምበት አዳራሽ በር ላይ መታጠቢያ ሳይቆም ልጄ እዚያ ሣጥን ፊት አትቆምም አልኩ። ሰናይት አኮረፈችኝ። የእድሩ ሰዎች በዚህ ጊዜ የተገኘ የመንግሥት ሥራ ይመለሳል እንዴ ብለው ሊመክሩኝ መጡ። ሥራ አስኪያጁም መስከረም እስኪጠባ ቦታውን እይዝልሻለሁ፣ ከዚያ ለሌላ ይሰጣል አለኝ። አንዲት ልጅ ናት ያለችኝ ወርቄ። እንጀራዋን ባሳጣት ዕድሜዋን ሙሉ ትወቅሰኛለች፤ ዝም ብዬ ባስገባት ደግሞ አንድ ቀን ቁልፏን ስኳር ዕቃ ውስጥ አገኘዋለሁ ብዬ እንቅልፍ አጣለሁ።

ጠየቅሁ። ለወተት በጀት አለ፣ ለቧንቧ የለም ተባልኩ። ከሁሉ የገረመኝ ጓደኞችህ ናቸው። የወርቅነህ ሚስት የመጣችው ወተታችንን ልታስቀር ነው ብለው ፊት ነሱኝ። ለካ ብዙዎቹ ወተቱን በጠርሙስ ቀድተው ለልጆቻቸው ነበር የሚወስዱት። እርሳሱን የሚያረክስላቸው መድኃኒት ነው ያሉትን ራሱ አይጠጡትም! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ አልኳቸው፤ ያልሳቀው ሐሰን ብቻ ነበር። ሐሰን በኋላ ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩ በረሳሁ ቁጥር ወርቅነህን አስታውሼ ተራው የእኔ ነው እላለሁ አለኝ። እኔም ያን ጊዜ ነው ነገሩ የልጄ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ።

የሴቶች ማህበሩን ማህተም ይዤ በሠራተኛው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ንግግር እንዲፈቀድልኝ ጠየቅሁ። ማህተም የተመታበትን ነገር ማን ይከለክላል። ነጭ አቡጀዲ፣ አንድ ባልዲ ውሃና ዳቦ ይዤ ገባሁ። ዳቦውን ለሁሉም አደልኩ፤ ለሥራ አስኪያጁም ሰጠሁት። ገና መግመጥ ሲጀምሩ ቆይ አልኳቸው። አቡጀዲውን በውሃ ነክሬ መጀመሪያ ለሐሰን ሰጠሁት። ጣቶቹን ጠረገ፣ ከንፈሩንም ጠረገ። ለጎረቤቱ አቀበለው፤ እሱም ለሌላው። ጨርቁ አዳራሹን ዞሮ ሲመለስ የድስት ማውረጃ ጨርቅ መስሏል። ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ሙሉ ገና ከማተሚያው የወጣ ወረቀት ሲያገላብጥ ነበርና፣ ሁሉም ሲያደርገው እሱ ቢቀር ነውር መሰለው መሰለኝ፣ ተቀብሎ ጣቶቹን ጠረገ። የሱ ጣት ያለፈበት ከሁሉ ጠቆረ። ጨርቁን አየ፤ በሌላ እጁ የያዘውን የተገመጠ ዳቦ አየ።

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። ጨርቁን ቀዩ ጨርቅ የለበሰው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ ወዛደሩ የሀገሪቱ ባለቤት ነው ትሉናላችሁ፣ ባለቤት በገዛ ቤቱ እጁን የሚታጠብበት ያጣል ወይ አልኩ። ወርቅነህን እርሳስ ገደለው ብዬ አልመጣሁም፣ እሱን ሐኪምም አላወቀው አልኩ። ይህ ጥቁር ወደ ሆዳችሁ እንደሚገባ ለማወቅ ግን ሐኪም አያስፈልግም አልኩ። ወተታችሁን ማንም አይነካም፤ ለልጆቻችሁ ውሰዱ፣ ይደጉበት። ወተት ግን ጾም አለበት፤ ውሃ ጾም የለበትም አልኩ። ይህን ሁሉ ስናገር አላለቀስኩም። ሐሰን ተነስቶ ያለ መታጠቢያ ምሳ አንበላም ሲል ሁሉም እየተከተለ ተነሳ። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ዳቦውን አስቀመጠ፤ ቀጥሎ ይሠራል አለ፤ ከዚያም ስብሰባውን ዘጋ። ስብሰባ ሲያሳጥር የዚያን ዕለት ብቻ ነው ያየሁት ይላል ሐሰን።

ገንዘብ የለም ሲሉ የእሁዱን የሥራ ዘመቻ ለዚህ አዋልነው። ከጉርድ ሾላ የማህበራችን ሴቶች አካፋና ዶማ ይዘው መጡ፣ ፊደል ለቃሚዎቹ ልብሳቸውን ሰብስበው ቦዩን ቆፈሩ። እጃቸው ፊደል እንጂ ዶማ ስለማያውቅ ሳቅንባቸው፤ እነሱም ጭቃ ወረወሩብን። ክረምቱ ሳይወጣ ውሃው ከዋናው መንገድ እስከ አዳራሹ በር ደረሰ። ለምሳም በግቢው ጥግ ቆርቆሮ የለበሰ ዳስ ቆመ። ሐሰን ደግሞ አንተ ለሠርግ መጥሪያ ታወጣቸው የነበሩትን ትልልቆቹን ፊደሎች መርጦ፣ ሳይታጠቡ መብላትም ሆነ ፊደል በአፍ መያዝ ክልክል ነው ብሎ ለቅሞ አሳትሞ ግድግዳው ላይ ለጠፈው።

ዛሬ ሰኞ ተከፈተ። ሥራ አስኪያጁ ቀይ ጥብጣብ አስሮ ከላይ ባለሥልጣን እስኪመጣ እንጠብቅ ሲል ሐሰን እኔን ገፍቶ ፊት አቆመኝ። ቧንቧውን ጠመዘዝኩት። ሳለ፣ ተፋ፣ ደፈረሰ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ውሃ ወረደ። እልልታዬን አቀለጥኩት ወርቄ! በሠርጌ ቀን እንኳ እንደዚያ አልተባለልኝም። የመጀመሪያው ተራ የሰናይት ነበር። እጇን በሳሙና አሽታ ታጥባ፣ አድርቃ፣ ሄዳ ሣጥንህ ፊት ቆመች። አቋቋሟ አንተን ነው፤ ግራ ትከሻዋን ትንሽ ዘንበል አድርጋ። ከንፈሯን አየሁት፤ ባዶ ነው። ልቤ ሞልቶ ፈሰሰ።

አሁን ከሥራ ገብታለች። እጇ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ራት ሳቀርብ ማንቆርቆሪያውን ይዤ ስመጣባት፣ እማዬ ታጥቤያለሁ እኮ አለችኝ። ይደገም አልኳት። አፈሰስኩላት፤ ስትጨርስ እደጊ አልኳት፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ድምፁ ያንተ ሆነብኝ። እሷም እንደ ልጅነቷ አሜን አለች።

ስሜን ረስተኸው ሄድክ፤ አልተቀየምኩህም። በሽታው ያንተን ድርሻ ወሰደ እንጂ የእኔን አላገኘውም። ኮፍያህን፣ ሳቅህን፣ እምቢታህን፣ ተገልብጦ የቆመውን ፊደል የምታነብበትን ፈገግታህን፣ እስካለሁ ድረስ ለሁለታችንም እኔ አስታውስልሃለሁ። እኔ ስደክም ሰናይት አለች። ውሃው በወረደ ቁጥር ትነሳለህ።

ያን ሁሉ ማታ እደጊ ስትለኝ ነበር። አድጌያለሁ ወርቄ።

ያንተው ብዙነሽ